ማይግሬን እና ጾታን የሚያረጋግጥ ቀዶ ሕክምና፦ ትራንስጀንደር ሴቶች ማወቅ የሚገባቸው

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በቶሮንቶና በአካባቢዋ ለሚኖሩ፣ ማይግሬን ላለባቸውና ጾታን የሚያረጋግጥ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ላሰቡ ወይም ቀጠሮ ለያዙ ትራንስጀንደር ሴቶች ነው። ትራንስጀንደር ሴት ስንል ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ፣ ማንነታቸው ግን ሴት የሆኑ ሰዎችን ማለታችን ነው። ለሚያስታምሙ ወዳጆችና የቤተሰብ አባላትም ይጠቅማል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• ማይግሬን ብቻውን ቀዶ ሕክምናውን አይከለክልም። ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅና መታቀድ አለበት።
• ሆርሞን የሚያዝልዎት ሐኪም፣ ቀዶ ሐኪሙና የማደንዘዣ ሐኪሙ ሦስቱም ሁለት ነገሮችን አብረው ማወቅ አለባቸው፦ ማይግሬን እንዳለብዎትና ኢስትሮጅን እንደሚወስዱ።
• ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት ብልጭታ የሚያዩ፣ የሚደነዝዝዎት ወይም ንግግር የሚያስቸግርዎት ከሆነ ይህን ለይተው ይንገሩ።
• ኢስትሮጅንን በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ፣ መጠኑንም አይጨምሩ።
• ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከተለመደው የተለየ ራስ ምታት ከመጣ «የለመደኝ ነው» ብለው አይለፉት።

ማይግሬን ምንድን ነው?

ማይግሬን የአንጎልና የነርቭ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል የሚመታ፣ እንደ ልብ ምት የሚነዝር፣ በእንቅስቃሴ የሚብስ ራስ ምታት ነው። ሕክምና ካልተደረገለት ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ ብርሃንና ድምፅ አለመቻል፣ አንዳንዴም ሽታ መጥላት አብረውት ይመጣሉ። ብዙዎቻችን «ራስ ፍልጠት» ወይም «ግማሽ ራስ ምታት» እያልን የምንጠራው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። የድካም፣ የቁጣ ወይም የኃጢአት ውጤት አይደለም፤ በቤተሰብም የመተላለፍ ዝንባሌ አለው።

ከማይግሬን ታማሚዎች አንዳንዶቹ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት ኦራ የሚባል ምልክት ይታይባቸዋል። ኦራ ማለት፦

• በዓይን ፊት ብልጭታ፣ የተሰባበረ መስመር ወይም ጥቁር ነጥብ ማየት፣
• ከጣት ጀምሮ ወደ ክንድና ወደ ፊት ቀስ እያለ የሚወጣ መደንዘዝ፣
• ቃል መጥፋት ወይም የንግግር መደነቃቀፍ ነው።

ኦራ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ በቀስ ይስፋፋና ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል። ብዙ ሰዎች ኦራ እንዳላቸው አያውቁም፤ «ዓይኔ ያጭበረብረኛል» ብለው ብቻ ያልፉታል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ግን ይህ ምልክት ስም ተሰጥቶት በመዝገብዎ ላይ መጻፍ አለበት።

ኢስትሮጅን ማይግሬንን እንዴት ይነካል?

ኢስትሮጅን በአንጎል ውስጥ የሕመም ስሜትን በሚያስተላልፉ ነርቮች ላይ ይሠራል። ማይግሬንን በይበልጥ የሚቀሰቅሰው የኢስትሮጅን መጠን መውጣቱና በተለይ በድንገት መውረዱ ነው። በወር አበባ አካባቢ ብዙ ሴቶች ማይግሬን የሚይዛቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኢስትሮጅን የሚወስዱ ትራንስጀንደር ሴቶችም ተመሳሳይ ነገር ሊገጥማቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት ሆርሞን የሚወስዱ 50 ትራንስጀንደር ሴቶችን ጠይቆ 26 በመቶ የሚሆኑት ማይግሬን እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህ ቁጥር በሌሎች ሴቶች ዘንድ ከሚታየው ጋር ተቀራራቢ ሲሆን በወንዶች ዘንድ ከሚታየው ግን በእጅጉ ይበልጣል። ጥናቱ ትንሽ ቢሆንም ብዙ ታካሚዎች ከሚናገሩት ጋር ይስማማል። ሆርሞን ከጀመሩ ወዲህ ራስ ምታቱ መጣ ወይም ባሰ ካሉ ሐሳብ የወለደው አይደለም፤ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ኢስትሮጅን የሚወሰድበት መንገድም ለውጥ ያመጣል።

• በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚቀባ ጄል፦ መጠኑ በደም ውስጥ የተረጋጋ ይሆናል። የደም መርጋት ሥጋትም ከሚዋጠው ያነሰ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ ማይግሬን፣ በተለይም ኦራ ላላቸው ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ይህን ይመርጣሉ።
• ክኒን፦ ሲዋጥ በጉበት በኩል ስለሚያልፍ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮችን ሊጨምር ይችላል።
• መርፌ፦ ከተወጉ በኋላ መጠኑ ከፍ ይልና ቀጣዩ መርፌ ሲቃረብ ይወርዳል። ራስ ምታቱ ሁልጊዜ ከመርፌው ቀን አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የሚመጣ ከሆነ ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶ ቶሎ ቶሎ እንዲወሰድ ሊያደርገው ይችላል።

ኦራ ለምን ተለይቶ ይጠየቃል?

ኦራ ያለው ማይግሬን የስትሮክን ዕድል በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል። ሲጋራ፣ የደም ግፊት፣ ኢስትሮጅንና ቀዶ ሕክምና ሲደራረቡበት ደግሞ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ124,000 በላይ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። በጠቅላላው ከ1,000 ታካሚዎች መካከል ስትሮክ ያገኛቸው 2.4 ያህሉ ሲሆኑ፣ ኦራ የሌለው ማይግሬን ካላቸው 3.9፣ ኦራ ካላቸው ደግሞ 6.3 እንደሚሆኑ ገምቷል። ጥናቱ በልዩ ልዩ ቀዶ ሕክምናዎች ላይ የተደረገ እንጂ በትራንስጀንደር ሴቶች ላይ ብቻ አልነበረም።

ከ1,000 ኦራ ያላቸው ታካሚዎች ከ990 በላይ የሚሆኑት ስትሮክ አላገኛቸውም። ቁጥሩ የሚያስፈራ ሳይሆን ቡድኑ አስቀድሞ እንዲያውቅና እንዲጠነቀቅ የሚያደርግ ነው። እርስዎም በእጅዎ ያለውን ሥጋት መቀነስ ይችላሉ። ሲጋራ ማቆም፣ የደም ግፊትን መቆጣጠርና የኢስትሮጅኑን ዓይነት ከሐኪም ጋር መመርመር ከሁሉ በላይ ይጠቅማሉ። ሲጋራ ቁስል እንዳይድን ስለሚያደርግ ቀዶ ሐኪሞችም እንዲያቆሙ ይጠይቃሉ።

የሕክምናው መንገድ በኦንታሪዮ

እ.ኤ.አ. ከማርች 2016 ጀምሮ በኦንታሪዮ ብቃት ያላቸው ሐኪሞችና ነርስ ፕራክቲሽነሮች ታካሚን ለዚህ ቀዶ ሕክምና መላክ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ሁሉም ታካሚ በቶሮንቶ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ በኩል ብቻ ማለፍ ነበረበት። ለብልት ቀዶ ሕክምና ኦሂፕ እንዲከፍል ሁለት የድጋፍ ግምገማዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ከሐኪም ወይም ከነርስ ፕራክቲሽነር መሆን አለበት። የጤና ሚኒስቴሩም አስቀድሞ መፍቀድ ይኖርበታል። የጤና ምክንያት ካልከለከለ በስተቀር ለ12 ወራት ሳይቋረጥ ሆርሞን መውሰድም ይጠየቃል።

በቶሮንቶ ዊሜንስ ኮሌጅ ሆስፒታል ከ2019 ጀምሮ ቫጂኖፕላስቲ የሚባለውን የሴት ብልት የመሥራት ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። ሌሎች ታካሚዎች ወደ ሞንትሪያል ይላካሉ።

ወረፋው ረጅም ሊሆን ይችላል። ይህ ጊዜ ግን ማይግሬንን ለማስተካከል ይጠቅማል። ሪፈራሉ በሚጻፍበት ቀን ሐኪምዎ ማይግሬን እንዳለብዎት፣ ኦራ መኖር አለመኖሩንና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በወረቀቱ ላይ እንዲያካትት ይጠይቁ። ራስ ምታቱ በወር ከአራት ቀን በላይ የሚይዝዎት ከሆነ የመከላከያ መድኃኒት ስለመጀመር ይወያዩ። የመከላከያ መድኃኒት ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ቀዶ ሕክምናው ሲቃረብ መጀመር ዘግይቶ መጀመር ነው።

ከሁለት ወር በፊት፦ የራስ ምታት ማስታወሻ ይያዙ

በደብተር ወይም በስልክዎ ላይ በየቀኑ የሚከተለውን ይጻፉ፦

• ራስ ምታት የያዘዎት ቀንና ሰዓት፣ የቆየበት ጊዜ፤
• ኦራ ነበረ ወይስ አልነበረም፤
• የወሰዱት መድኃኒትና ያስገኘው ውጤት፤
• ኢስትሮጅን የወሰዱበት ወይም የለጠፉበት ቀን፤
• እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ቡና፣ ጾም፣ ጭንቀት።

ይህ ማስታወሻ ሐኪሙ የእርስዎን የተለመደ ራስ ምታት ከአዲስና አደገኛ ራስ ምታት እንዲለይ ይረዳዋል። ማስታወሻውን በአማርኛ ቢጽፉትም ችግር የለውም፤ አስተርጓሚ ያነበዋል።

የሕመም ማስታገሻ የሚወስዱባቸውን ቀናትም ይቁጠሩ። እንደ ሱማትሪፕታን ያሉ መድኃኒቶችን ወይም ኮዴይን ያለበትን ማስታገሻ በወር ለ10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ታይለኖልን ወይም አድቪልን ብቻ ደግሞ ለ15 ቀንና ከዚያ በላይ መውሰድ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከሐኪም ጋር መቀነስ ያስፈልጋል።

መድኃኒቶችዎን አንድ በአንድ ያሳዩ

ከቀዶ ሕክምና በፊት በሚኖረው ቀጠሮ የመድኃኒቶቹን ዕቃ ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። የሚከተሉትን ይጠይቁ።

• አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም አድቪል፣ ናፕሮክሰን ወይም አሌቭ፦ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ከሳምንት ገደማ በፊት እንዲቆሙ ያዛሉ። በምትኩ ምን እንደሚወስዱ አስቀድመው ይጠይቁ።
• አሲታሚኖፌን ወይም ታይለኖል፦ ብዙውን ጊዜ ይፈቀዳል። የሚፈቀድልዎትን የቀን መጠን ይጠይቁ። ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4,000 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም።
• ሱማትሪፕታን፣ ሪዛትሪፕታንና የመሳሰሉት፦ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ለነበረበት ሰው፣ እንዲሁም ለማይታዘዝ የደም ግፊት አይሆኑም። እስከ ቀዶ ሕክምናው ቀን መውሰድ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ።
• ኤርጎታሚን፦ ካፈርጎት በሚባለው ስም የሚታወቅ ሲሆን አንዳንዶች ከአገር ቤት ያስመጡታል። የደም ሥርን ያጠባል። ከሱማትሪፕታን ዓይነት ጋር በ24 ሰዓት ውስጥ መወሰድ የለበትም። ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ካለባቸው የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ደግሞ እጅና እግር ደም እስኪያጡ ድረስ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።
• ፕሮፕራኖሎል፦ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ሐኪም ካላዘዘዎት በስተቀር ይቀጥሉ።
• ካንዴሳርታን፦ ቴስቶስትሮንን ለመግታት ከሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከመጠን በላይ ሊያደርገው ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋል።
• ቶፒራሜትና አሚትሪፕቲሊን፦ ሁለቱም ከማደንዘዣው ጋር ስለሚገናኙ የማደንዘዣ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።
• በየወሩ የሚወጉ የማይግሬን መርፌዎችና ቦቶክስ፦ የመጨረሻውን ቀን ይንገሩ። ቀጣዩ ቀን ከቀዶ ሕክምናው ጋር የሚገጥም ከሆነ ቀኑ ሊስተካከል ይችላል።

ሳይፕሮቴሮን ለረጅም ጊዜ ወስደው ከሆነና አዲስ የማያቋርጥ ራስ ምታት ወይም የማየት ለውጥ ካለ ሐኪምዎን ሳይዘገዩ ያማክሩ። ይህ መድኃኒት በከፍተኛ መጠንና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሜኒንጂዮማ ከሚባል የአንጎል ሽፋን ዕጢ ጋር ይያያዛል። ዕጢው አልፎ አልፎ የሚገኝ ነው፤ ነገር ግን ማይግሬን ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

ኢስትሮጅን ይቁም ወይስ ይቀጥል?

ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙ ቀዶ ሐኪሞች ደም እንዳይረጋ በመፍራት ኢስትሮጅን ከቀዶ ሕክምናው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት አስቀድሞ እንዲቆም ያዙ ነበር። አሁን አስተያየቱ እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ጥናት ኢስትሮጅን በቀጠሉና ባቆሙ ትራንስጀንደር ሴቶች መካከል በደም መርጋት ልዩነት አላገኘም። በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያም ሆርሞንን ለሁሉም ሰው በደፈናው ማስቆም በቂ ማስረጃ እንደሌለው ያስረዳል። ሆኖም አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች አሁንም እንዲቆም ይጠይቃሉ። ከዚህ በፊት ደም ረግቶባቸው ለነበሩ ወይም ሌላ ሥጋት ላለባቸው ውሳኔው የተለየ ሊሆን ይችላል።

ማይግሬን ላለበት ሰው ይህ ጥያቄ ድርብ ነው። ኢስትሮጅን በድንገት ሲቆም መጠኑ ስለሚወርድ ራስ ምታቱን ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ያውም አድቪል በተከለከለበት ሳምንት። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦

• ኢስትሮጅኑን ማቆም አለብኝ? ከመቼ እስከ መቼ?
• በክኒን ወይም በመርፌ ፋንታ ወደሚለጠፍ መለወጥ ይበቃል?
• ካቆምኩ ማይግሬን ሲይዘኝ ምን ልውሰድ? ማንን ልደውልለት?
• ከቀዶ ሕክምና በኋላ የምጀምርበት ቀን መቼ ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ አስፈላጊ ነው። የዘር ፍሬ ከወጣ በኋላ ሰውነት የራሱን ቴስቶስትሮን ማምረቱን ስለሚያቆም ስፓይሮኖላክቶን ወይም ሳይፕሮቴሮን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ኢስትሮጅን ግን ያስፈልጋል። ያለ ምንም ሆርሞን ለረጅም ጊዜ መቆየት የሙቀት ወበቅ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የአጥንት መሳሳት ያመጣል፤ ማይግሬንንም ያባብሳል። የሚጀምሩበትን ቀን በጽሑፍ ይያዙ።

ቡና፣ ጾምና የባህል መድኃኒት

ቡና። በቀን አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ሊጀምረው ይችላል። ይህም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። ከቀዶ ሕክምና ማግስት የሚመጣው ራስ ምታት አንዳንዴ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ስኒውን በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሱ። በካናዳ ብዙ ሆስፒታሎች ወተት የሌለበት ጥቁር ቡና ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ሰዓታት በፊት ይፈቅዳሉ፤ የእርስዎ ሆስፒታል የሰጠዎትን መመሪያ ግን ይከተሉ። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጢስና ዕጣን ራስ ምታት የሚያስነሱብዎ ከሆነ ከሆስፒታል ሲመለሱ ለጠያቂዎች አስቀድሞ ማሳወቅ ነውር አይደለም።

ጾም። ምግብ መዝለልና ውሃ ማጣት ማይግሬንን ይቀሰቅሳሉ። በቀዶ ሕክምናው ሰሞን ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከገጠመ ለሐኪምዎ ይንገሩ። በክርስትናም ሆነ በእስልምና የታመመ ሰው በጾም አይገደድም። አንጀትን የሚያጥብ መድኃኒት ታዝዞልዎት ከሆነ ውሃ ስለሚያሳጣ የተፈቀደውን ፈሳሽ ሳያቋርጡ ይጠጡ።

የባህል መድኃኒት። ዳማ ከሴ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በብዛት የሚወሰድ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ እንዲሁም ከሱቅ የተገዛ ማንኛውም ቅጠል ወይም ቫይታሚን መነገር አለበት። አንዳንዶቹ የደም መፍሰስን ሊጨምሩ ወይም ከማደንዘዣ ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። ራስን በሻሽ ማሰርና በጨለማ ክፍል ማረፍ ግን ጉዳት የለውም።

ጫት። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ ከማደንዘዣም ጋር አይስማማም። የሚቅሙ ከሆነ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ይንገሩ። የሚጠየቁት ለደኅንነትዎ እንጂ ለፖሊስ አይደለም።

ለማደንዘዣ ሐኪሙ የሚሰጥ ወረቀት

የሚከተለውን ሞልተው ይዘው ይሂዱ። አስተርጓሚው ጮክ ብሎ እንዲያነበው ማድረግ ይችላሉ።

«ማይግሬን አለብኝ። ኦራ አለው / የለውም። በወር ___ ቀን ይይዘኛል። የመጨረሻው ___ ቀን ነበር። የተለመደው ራስ ምታቴ እንዲህ ነው፦ ___። የሚያሽለኝ መድኃኒት ___ ነው። የማይስማማኝ ___ ነው። ኢስትሮጅን በ___ መልክ እወስዳለሁ፤ የመጨረሻው ቀን ___ ነው። ከማደንዘዣ በኋላ ማስመለስ ይበረታብኛል / አይበረታብኝም። በቤተሰቤ ደም የረጋበት ወይም ስትሮክ ያገኘው ሰው አለ / የለም።»

ማይግሬን ያለባቸው ሰዎች ከማደንዘዣ በኋላ ማቅለሽለሽ ሊበዛባቸው ስለሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ የሚከላከል መድኃኒት ሊሰጥ ይችላል። ኦንዳንሴትሮን የሚባለው የማስመለስ መከላከያ አንዳንድ ሰዎችን ራስ ምታት ያመጣባቸዋል። ከዚህ በፊት ደርሶብዎት ከሆነ ይናገሩ፤ አማራጭ አለ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን

• ጠዋት የሚወሰዱ የመከላከያ መድኃኒቶችን በትንሽ ውሃ እንዲወስዱ ተነግሮዎት ከሆነ አይርሱ።
• የማይግሬን መድኃኒትዎን ከነዕቃው ይዘው ይሂዱ፤ ለነርሷ ያሳዩ እንጂ በድብቅ አይውሰዱ።
• የዓይን መሸፈኛና የጆሮ መድፈኛ ይያዙ። የማገገሚያ ክፍል ብርሃኑና ድምፁ ይበዛል።
• ጠዋት ማይግሬን ይዞዎት ከተነሡ ለመጀመሪያዋ ነርስ ይንገሩ። ቀጠሮዬ ይሰረዛል ብለው አይደብቁ። ብዙ ጊዜ በደም ሥር ፈሳሽና መድኃኒት ሰጥተው ያስታግሱታል። መደበቅ ግን ኦራን ከስትሮክ መለየት ያስቸግራል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ

ከቫጂኖፕላስቲ በኋላ ታካሚ ለቀናት በአመዛኙ ይተኛል። እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። የማይግሬን ቀስቃሾች ሁሉ በአንድ ላይ ይመጣሉ። የሚከተሉት ይረዳሉ።

• ቶሎ ያክሙ። ማይግሬን እንደጀመረ የተወሰደ መድኃኒት ከዘገየው ይበልጣል።
• የማስታገሻዎችን ይዘት ያንብቡ። ታይለኖል ቁጥር 3 እና ፐርኮሴት በውስጣቸው አሲታሚኖፌን አለባቸው። በላያቸው ላይ ተራ ታይለኖል መጨመር ጉበትን ይጎዳል።
• ትራማዶል፣ ሱማትሪፕታንና የድብርት መድኃኒት አብረው ከታዘዙ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።
• ኮዴይንና ሞርፊን መሰል መድኃኒቶች ለቁስሉ ሕመም እንጂ ለማይግሬን የሚመረጡ አይደሉም። የሆድ ድርቀትም ያመጣሉ፤ በዚህ ቀዶ ሕክምና ማማጥ አይመከርም።
• አድቪል መቼ መጀመር እንደሚፈቀድ ቀዶ ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይጀምሩ።
• በጥቂት በጥቂቱ ይብሉ፣ ውሃ ይጠጡ። አጥሚትና ሾርባ ለሆድ ይቀላሉ።
• የማስፊያ ልምምድ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚደረግ ሰዓቱ እንቅልፍዎን እንዳይቆራርጥ ከነርሷ ጋር ያመቻቹ።

ቀዶ ሕክምናው በሞንትሪያል ከተደረገ ወደ ቶሮንቶ የሚወስደው መንገድ ከ500 ኪሎሜትር በላይ ነው። ረጅም ጊዜ መቀመጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። እግርዎን ያንቀሳቅሱ፣ ውሃ ይጠጡ፣ የታዘዘልዎትን የደም ማቅጠኛ አይዝለሉ፣ የማይግሬን መድኃኒቱንም በእጅ ቦርሳ ይያዙ። ወደ ቤት ሲመለሱ ማንን እንደሚያዩ የሚገልጽ ወረቀት ከሆስፒታሉ ይጠይቁ። የራስ ምታት ማስታወሻውን ቢያንስ ለሦስት ወር ይቀጥሉ፤ የሆርሞን መጠንዎን ለማስተካከል ይጠቅማል።

ወዲያውኑ 911 የሚደውሉባቸው ምልክቶች

• በሕይወትዎ እንዲህ ያለ አይተው የማያውቁት፣ በሰከንዶች ውስጥ የሚፈነዳ ራስ ምታት
• ፊት በአንድ በኩል መውደቅ፣ ክንድ ወይም እግር መዛል፣ ንግግር መተሳሰር
• ድንገተኛ የማየት መጥፋት፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳት፣ ግራ መጋባት
• ከ60 ደቂቃ በላይ የቆየ ወይም ከወትሮው የተለየ ኦራ
• የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ደም ያለበት ሳል
• ራስ ምታት ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር

በዚያው ቀን ቀዶ ሐኪሙን የሚጠሩባቸው ምልክቶች

• ሲተኙ ወይም ሲያስሉ የሚብስና ከቀን ወደ ቀን የሚጨምር ራስ ምታት። በአንጎል የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም እንዲህ ሊጀምር ይችላል። ከላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ አብሮት ካለ 911 ይደውሉ።
• ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚሻል ራስ ምታት። በጀርባ በኩል ማደንዘዣ ከተወጉ በቀጣዮቹ ቀናት ሊመጣ ይችላል፤ ሕክምናም አለው።
• የአንድ እግር ማበጥ፣ መሞቅ ወይም መታመም
• ከሁለት ቀን በላይ ማስመለስና መድኃኒት አለመርጋት

ስለ ምስጢርና ስለ አስተርጓሚ

ብዙ የአገራችን ሰዎች የሚፈሩት ሕመሙን ብቻ አይደለም፤ ወሬው ወደ ማኅበረሰቡ እንዳይደርስ ይፈራሉ። በዚህ ፍርሃት ምክንያት አንዳንዱ ሆርሞኑን ለነርቭ ሐኪሙ፣ ሌላው ራስ ምታቱን ለቀዶ ሐኪሙ አይናገርም። ሁለቱ መረጃዎች ካልተገናኙ ግን ማንም ሙሉ ሥጋቱን ማየት አይችልም። ስለዚህ መብትዎን ይወቁ።

• በኦንታሪዮ የ2004 የግል ጤና መረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት የጤና መረጃዎ ያለ ፈቃድዎ ለቤተሰብ፣ ለአሠሪ ወይም ለሃይማኖት አባት አይሰጥም።
• ከ2012 ጀምሮ የኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ሕግ በጾታ ማንነትና አገላለጽ ምክንያት የሚደረግን መድልዎ በግልጽ ይከለክላል።
• አስተርጓሚ በነጻ ይጠይቁ። አስተርጓሚ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሰው እንዳያውቅዎት ከፈሩ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም እንዲሆንና ስምዎ እንዳይነገረው መጠየቅ ይችላሉ። ዘመድ እንዲያስተረጉም አይገደዱም።
• የሚጠሩበትን ስም በመጀመሪያ ይንገሩ። በአማርኛ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ተብለው መጠራት እንደሚፈልጉም ለአስተርጓሚው መናገር ይችላሉ።

እርዳታ የሚያገኙባቸው ቦታዎች

• 811፦ በማንኛውም ሰዓት ነርስ በነጻ ያነጋግርዎታል። አስተርጓሚ ይጠይቁ።
• 211፦ በአቅራቢያዎ ያሉ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎቶችን ይጠቁምዎታል።
• 988፦ ሕይወትዎን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎ ወይም ጭንቀቱ ከከበደዎት ቀንና ሌሊት ይደውሉ ወይም መልእክት ይላኩ።
• ሸርቦርን ሄልዝ፣ 333 ሸርቦርን ጎዳና፦ ለትራንስጀንደር ሰዎች የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ይሰጣል።
• ዘ 519፣ 519 ቸርች ጎዳና፦ ለትራንስጀንደር ሰዎችና ለስደተኞች ድጋፍ ያደርጋል።
• የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት፦ ኦሂፕ የሌላቸውን ሰዎች የሚቀበሉ አሉ። የስደተኝነት ጥያቄ ያቀረቡ ሰዎች ደግሞ በፌዴራሉ ጊዜያዊ የጤና ፕሮግራም ሊሸፈኑ ይችላሉ። ስለ ክፍያው አስቀድመው ይጠይቁ።

ኦሂፕ ለአብዛኞቹ አዋቂዎች ከሆስፒታል ውጭ የሚገዛ መድኃኒት አይከፍልም። የማይግሬን መድኃኒቱ ከበደኝ ካሉ ስለ ትሪሊየም የመድኃኒት ፕሮግራም ፋርማሲስቱን ወይም የማኅበራዊ ሠራተኛውን ይጠይቁ። በገንዘብ እጥረት መድኃኒት ከማቋረጥዎ በፊት ይናገሩ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ስለሆነ የሐኪምዎን ምክር አይተካም። ወደ ቀጠሮዎ ሲሄዱ ይዘውት ይሂዱ፤ ያልገባዎትን ቦታ አስምረውበት ይጠይቁ።